ክንዱና የአባቱ ቁጣ

ባሌን ክንዱን ተቆጥቶ ያየው ሰው የለም። ይህን የሰሙ ሴቶች "አልጣሽ፣ ታድለሽ!" ይሉኛል። አብረውት ስላልኖሩ ነው። ጎረቤት ወሰናችንን ገፍቶ ወደ እኛ ሲያርስ "ተሳስቶ ይሆናል" ይላል። የሰው ከብት ገብቶ በቆሏችንን ሲያወድም ከብቱን ቀስ አድርጎ ያስወጣና ባለቤቱ ደጅ ድረስ ነድቶ ያደርሰዋል፤ ይባስ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ጤና ጠይቆ ይመለሳል። ይህን እያየሁ እኔ እንዴት አልቃጠል? ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። እሱ ዝም። ብቻን መጮህ ደግሞ እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

የምንኖረው ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በቆሎና በርበሬ እናመርታለን፤ የክንዱን በርበሬ የቡሬ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። ክንዱን ራሱን ግን የሚያውቁት በአባቱ ነው። አባቱ ታከለ በመስኖ ውሃ ተጣልቶ ሰው ገድሏል። ያኔ ክንዱ ገና ልጅ ነበር። ታከለ ታስሮ ወጣ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ካህናት ባሉበት እርቅ ወርዶ ደሙ ደረቀ። ዛሬ የሟች ልጆችና እኛ በአንድ ማኅበር ጽዋ እንጠጣለን። ታከለም ካረፈ ቆይቷል። ታዲያ አገሩ መች ይረሳል! ክንዱ ገበያ ሲወጣ "ያ የታከለ ልጅ" ይባላል። ዱላ ቢይዝ ይተያያሉ፤ ዱላ ባይዝ ደግሞ "ለምን አልያዘም?" ብለው ይንሾካሾካሉ።

እኔን ሲያገባም ዘመዶቼ እንዲሁ ነው ያሉት። አባቴ መርጌታ ነበሩ፤ ድምፃቸው ከማኅሌት ውጭ ከፍ ብሎ የማይሰማ ሰው። "ልጅዎን ለነፍሰ ገዳይ ዘር ሊሰጡ ነው?" ሲሏቸው "እኔ የምሰጠው ለክንዱ ነው" ብለው መለሱና ሰጡኝ። እንግዲህ የእኔን ምላስ ቡሬ ድረስ የማያውቅ የለም። ከእኚያ ጭምት ሰው አብራክ እኔ እንዴት እንደወጣሁ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አላየሁም። በመርጌታ ዘር ነፍሰ ገዳይ ስለሌለ የእኔ ቁጣ ጠባይ ነው ይባላል፤ የክንዱ ዝምታ ግን የተኛ ደም ነው። ይህን ሂሳብ ማን እንደሠራው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድሙ ደስታውም አለ። ሊበን ከተማ ነው የሚነግደው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አንድ ቤት አድገዋል፣ ከአንድ ገበታ በልተዋል። ደስታው ግን ገበያ በዋለ ቁጥር ሳይጣላ አይገባም። ሲጣላ "አያችሁ ደሙን?" ይላሉ። "ክንዱስ?" ስላቸው "እሱም ጊዜውን ይጠብቃል" ይሉኛል። ደስታው ቢጣላ ማስረጃ፣ ክንዱ ባይጣላ ማስረጃ! እንዲህ ካለ ሰው ጋር ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ?

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የልጄ ነገር ነው። ፀደይ አንዲት ልጃችን ናት፤ ቁርጥ እኔን። ትምህርት ቤት ሳለች አንድ ጎረምሳ እየተነኮሰ ሲያስቸግራት ተነሥታ በደብተር ፊቱን አለችው። አስተማሪው አስጠርቶን "የአያቷ ነገር ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል" አለን፣ ለክንዱ እያዘነለት። ክንዱ አቀረቀረ። እኔ ብድግ ብዬ "የምን አያት? የእኔ ናት! እኔም ብሆን እለው ነበር!" ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ወልጄ፣ አሳድጌ፣ ጠባዬን ሰጥቼ፣ ለሞተ ሰው ይጽፉልኛል።

ፀደይ ፍኖተ ሰላም ጤና ተምራ ቡሬ ሥራ ያዘች። እዚያ አሸናፊ ከሚባል የሽንዲ ልጅ ጋር ተዋወቀች። እርሻ ባለሙያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ስትጮህበት የሚስቅ ልጅ። ገና እንዳየሁት ወደድኩት። ችግሩ አባቱ ነው። ባምላኩ ይባላል፤ የከብት ነጋዴ ነው። በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ይህን ሳወራ ግን ንዴቱ ስለሚመለስብኝ አልችልም።

ባምላኩ በሬ አይቶ በመግዛት ከሽንዲ እስከ ቡሬ አንደኛ ነው ይባላል። መጀመሪያ የበሬውን እናትና አባት ይጠይቃል። ቀጥሎ በሬው ሳያስብ ከኋላ ጠጋ ይልና በዱላው ጫፍ ጎኑን ይጎሽመዋል። በሬው ከተራገጠ ወይም ቀንዱን ካዞረ ይተወዋል። ጨርሶ ካልተነቃነቀም "ይህ የታመመ ነው" ብሎ ይተወዋል። የሚገዛው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ዞር ብሎ የሚያየውን ነው። ለበሬ ደግ ዘዴ ይሆናል፤ ተቃውሞ የለኝም።

አሸናፊ "ፀደይን ላገባ ነው" ሲለው ባምላኩ እንደ ወጉ ዘራችንን አስጠና። ጥናቱ ብዙ አልሄደም፤ አያቷ ላይ ቆመ። "ተዋጊ ኮርማ ያስጠቃኋቸው ላሞች ሁሉ ተዋጊ ነው የወለዱልኝ" አለው ለልጁ። "ከሰው በላ ቤት ሚስት አላመጣም።" አሸናፊም እንደ አባቱ ግትር ነው መሰለኝ፣ "እሷን ካላገባሁ ጭራሽ አላገባም" ብሎ ተቀመጠ።

ፀደይ ይህን ልትነግረን ከቡሬ መጣች። ተናዳ ነበር፤ ከመናደዷ የተነሣ ነጠላዋን አወለቀችና መልሳ ለበሰች።

"አሸናፊ 'አባቴን ትቼ እንጋባ' ይለኛል" አለች። "እኔ ግን ከአባቱ ነጥዬ የማመጣው ባል አልፈልግም። ዕድሜ ልኬን በእኔ ምክንያት ሲኳረፉ ላይ ነው? ካልፈቀዱልን ቀረ።"

ስትል ድምጿ ተሰበረ። ልጄ ስትጮህ እንጂ ድምጿ ሲሰበር አላውቅም። እኔ ደግሞ ልጄ ሲከፋት የምናደድ ነኝ።

"እስቲ አንቺ የተማርሽው ምን ይላል?" አልኳት። "ቁጣ ይወረሳል ወይስ አይወረስም? አንዱን ንገሪኝና ልሂድና ያን ነጋዴ ልንገረው።"

"ይወረሳል እማዬ፤ ግን እንደምታስቡት አይደለም። ቁጣ የሚባል አንድ ዘረመል የለም። ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚገፋው። ከአባትሽ ግማሽ፣ ከእናትሽ ግማሽ ትወስጃለሽ፤ የትኛው ግማሽ እንደሚደርስሽ ግን አታውቂም። አንዱ ልጅ ቶሎ የሚደነግጥ፣ ደሙ ቶሎ የሚፈላ ሆኖ ይወለዳል፤ ወንድሙ አይሆንም። ከዚያ ደግሞ አስተዳደግ አለ፣ የደረሰብሽ ነገር አለ፣ ራስሽ የምታደርጊው አለ።"

"ስለዚህ ይወረሳል?"

"በከፊል።"

"ስለዚህ አይወረስም?"

"እሱም በከፊል።"

"ይችን ለመማር ነው ያን ሁሉ ጊዜ ፍኖተ ሰላም የተቀመጥሽው?"

"እማዬ! እውነቱ እንዲህ ከሆነ እኔ ምን ላድርግ? ሰው ከብት አይደለም፣ በአንድ ቃል አያልቅም!"

እሷ ጮኸች፣ እኔም ጮህኩ። ክንዱ ጥግ ላይ ተቀምጦ የበርበሬ ከረጢት ይሰፋል። ሲደክመን ጠብቆ ቀና አለና ልጁን በቀስታ ጠየቃት።

"ያ የሚወረሰው ነገር፣ ሰውየው ምንም ሳይሠራበት ቢኖርስ? ለልጁ ያልፋል?"

"ያልፋል አባዬ። ሠራበትም አልሠራበትም ያልፋል። ዘረመሉ ሰውየው ምን እንዳደረገ አይጠይቅም።"

"እህ" አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እኔ የበርበሬውን ዘር የሚያስብ መስሎኝ "አንተ ደግሞ አሁን ይህ ምን ይጠየቃል?" አልኩት።

ከዚያ የገበያው ቀን መጣ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቶ መኪና በደንብ መሄድ የጀመረበት ሳምንት ስለነበር ገበያው ጢም ብሏል። በርበሬያችን ሲነቀነቅ ፍሬው እስኪንሿሿ የደረቀ ነው፤ እኔው ነኝ አውድማ ላይ እያገላበጥኩ ያደረቅኩት። አንድ ሽበቱ የወጣ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው መጥቶ ከረጢቱ ውስጥ እጁን ከተተና ጮክ ብሎ "ውሃ ረጭተህበታል!" አለ። "ሚዛን እንዲደፋልህ ነው!"

በርበሬ ሻጭን እንዲህ ማለት እናቱን ከመስደብ አይተናነስም። ሰው ዞር ዞር አለ።

"ካልወደዱት ይተዉት ጌታዬ" አለ ክንዱ።

"ሌባ! የታከለ ልጅ አይደለህ? አባትህ ሰው በላ፣ አንተ ደግሞ ገበያተኛ ትበላለህ!"

ሁሉም ክንዱን ያያሉ። የሚጠብቁትን አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ነው። ክንዱ ጎንበስ አለና የከረጢቱን አፍ ማሰር ያዘ። ገመዱን አዞረው፣ ቋጠረው፣ ፈታው፣ እንደገና ቋጠረው። ሰውየው ራሱ ላይ ቆሞ ይሳደባል፣ እሱ ገመድ ይቋጥራል! እኔ አልቻልኩም። የመስፈሪያውን ጣሳ አንሥቼ ተነሣሁ። ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገና፣ የሚገርመው፣ እየሳቀ ሄደ።

እስከ ቤታችን ድረስ ወረድኩበት። "ድንጋይ ነህ! ሰው 'ሌባ' ሲልህ አፍ የለህም? ስለራስህ ባትናገር ስለ እኔ ድካም አትናገርም? በርበሬውን ያደረቅኩት እኔ አይደለሁም?" እሱ "እውነትሽን ነው" ብቻ ይላል። እውነትሽን ነው! ራት አቀረብኩ፤ ሆዴን አሞኛል ብሎ ሳይበላ ተኛ። "ለመታመም ጊዜ አታጣም" አልኩት።

ነገሩ የገባን ጋሽ ይታገሱ ሲመጡ ነው። የክንዱ የሥጋ ዘመድ ናቸው፣ ከባምላኩም ጋር በገበያ ይተዋወቃሉ፤ በሁለቱ ቤት መካከል የሚመላለሱት እሳቸው ነበሩ። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ያ ገበያ ላይ የተሳደበው ሰው የባምላኩ ወንድም ነው። ቢሰጥ ይባላል።"

"ምን አድርገነው?" አልኩ።

"ምንም። ለሙከራ ነው የተላከ። ባምላኩ 'ጎሽሙትና ልየው' ብሎ ነው።"

ባሌን እንደ በሬ ጎሽመውታል! በሺህ ሰው ፊት!

"ታዲያ አልተራገጠማ!" አልኳቸው። "አይተውት የለም እንዴ? ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?"

ጋሽ ይታገሱ ጢማቸውን ዳበሱ። "እሱ ነው እንግዲህ ችግሩ። ቢሰጥ ሄዶ 'ንክችም አላለ፣ ገመድ ይቋጥራል' ብሎ ነገረው። ባምላኩ ደግሞ 'በስመ አብ፣ ይሄማ ደመ ቀዝቃዛ ነው፣ ከእንዲህ ያለ ሰው የተወለደች ምን ወኔ ያለው ልጅ ትወልድልኛለች?' አለ።"

"እ?"

"አንቺንም አንሥተውሻል" አሉ፣ ወደ በሩ እያዩ። "'ታከለን የመሰለችስ ሚስቲቱ ናት' ብለዋል።"

ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልደግመውም። መጀመሪያ ደማችን ፈላ ብለው ከለከሉን፤ አሁን ደግሞ ደማችን በረደ ብለው ሊከለክሉን ነው። በገዛ ልጄ ጋብቻ ጉዳይ እኔ መርጌታ የወለዱኝ ሴት የማላውቀውን አማቴን ወረስሽ ተባልኩ። ጋሽ ይታገሱ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፤ ክንዱ ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። ውሃውንም ጠጥቼ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ጋሽ ይታገሱ የመጡበትን ተናገሩ። አሸናፊ በአቋሙ ስለጸና ባምላኩ ጥቂት ለዝቧል። ከሽማግሌ ጋር ራሱ መጥቶ፣ ክንዱን ፊት ለፊት አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ ሊቆርጥ ነው። ጥያቄው "የአባትዎ ቁጣ አለብዎት ወይስ የለብዎትም?" የሚል ነው።

"የለብኝም በል፤ አለቀ" አሉት ክንዱን። "'የለብኝም፣ ለልጄም አልተላለፈም' ትላለህ፤ እኔ 'እግዚአብሔር ይመስገን' ብዬ እዘጋዋለሁ። ቅዝቃዜውን ለእኔ ተወው፣ ትዕግሥት ነው ብዬ አስረዳለታለሁ።"

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ይሁን እምቢ እንጃ።

እስኪመጡ ድረስ በየቀኑ አስጠናሁት። አረም ስናርም "ምን ትላለህ?" እለዋለሁ። "አውቄዋለሁ" ይለኛል። "በላ በለው!" ስለው "በዚያን ቀን እለዋለሁ" ይላል። አንድ ቃል! ሕፃን ልጅ የሚለው ቃል! ፀደይ እንኳ ፈቃድ ወስዳ መጥታ ከቡሬ ያመጣችለትን አዲስ ሸሚዝ እያለበሰች "አባዬ፣ አደራህን" አለችው። ጉንጯን ነካ አደረጋት፤ መልስ ግን አልሰጣትም።

መጡ። ጋሽ ይታገሱ ከፊት፣ ባምላኩ ቀጥሎ፣ ያ ቢሰጥ የሚባለው ከኋላ። ባምላኩ ወፍራም፣ ዓይኑ ትንንሽ ሰው ነው፤ ገና ሲገባ በረታችንን አይቶ ነው የገባ። ጠላ ቀረበላቸው፤ "ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀምስም" አሉ። ፀደይ ጓዳ ገብታለች፤ እኔ ከመጋረጃው ጋር ቆሜአለሁ። ክንዱ ትይዩአቸው ተቀመጠ።

"አቶ ክንዱ" አለ ባምላኩ፣ "መጀመሪያ ስለ ገበያው ይቅር ይበሉን። እኔ ብዙ የማውቀው ከብት ነው። ሰው ሲሆን መንገዱ ይጠፋኛል።"

"ይቅር ብያለሁ" አለ ክንዱ።

"እንግዲያው ልጆቹ ተፋቅረዋል፤ ልጅዎንም ማንም ክፉ አይላትም። እኔ ልቤን የከበደኝ አንድ ነገር ነው። የአባትዎ የአቶ ታከለ ቁጣ፣ አለብዎት ወይስ የለብዎትም? ከአፍዎ ልስማውና ልረፍ።"

ጋሽ ይታገሱ "እግዚአብሔር ይመስገን" ለማለት አፋቸውን አዘጋጅተዋል። እኔ ሳልኩ። በል እንጂ! ሁለተኛ ሳልኩ።

"አለብኝ" አለ ክንዱ።

"ምን?" ያልኩት እኔ ነኝ፣ በቤቱ ሙሉ ድምፅ። ጋሽ ይታገሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከመጋረጃው ጀርባ የፀደይ ትንፋሽ ቀጥ ሲል ሰማሁት። የጠላ ማንቆርቆሪያው እጄ ላይ ነበር፤ ያልወረወርኩት እንግዳ ስላለ ብቻ ነው።

"አባቴ የነበረው ሁሉ አለብኝ" አለ ክንዱ፣ በዚያው በተለመደው ቀስተኛ ድምፁ። "ጎረቤቴ ወሰኔን ሲገፋ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። ከብት በቆሎዬን ሲያበላሽ ባለቤቱ ደጅ ነድቼ የማደርሰው መንገዱ እስኪያበርደኝ ነው። ዱላ የማልይዘው ለዚህ ነው። አረቄ የማልቀምሰውም ለዚህ ነው።" ወደ ቢሰጥ ዞረ። "አቶ ቢሰጥ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ግን ይወቁት። ገበያ ላይ ራሴ ላይ ቆመው ሲሰድቡኝ ከጆሮዎ በላይ ያለችውን ቦታ አይቻታለሁ። አባቴ ያን ሰው የመታበት ቦታ ናት። ከረጢቱን አሥሬ እየፈታሁ የቋጠርኩት እጄ ሌላ ሥራ እንዳያገኝ ነው።"

ቢሰጥ እጁ ሳይታወቀው ወደ ጆሮው ሄደ።

"ቀዝቃዛ ነው ብላችሁኛል አሉ" አለ ክንዱ። "አልበረድኩም። ደክሞኛል እንጂ። ስለ ልጄም ከጠየቃችሁኝ እሷም አለባት። ከእኔ ይሁን ከእናቷ አላውቅም፤ ከሁለታችንም ነው ትላለች እሷ። የለባትም ብዬ ብሰጣችሁ፣ በተቆጣች ቀን 'ዋሽቶ ሰጠን' ትላላችሁ፤ ያን ጊዜ የምታፍረው እሷ ናት። ልጄ ስትናደድ ትጮኻለች፤ ከጮኸች በኋላ ይወጣላታል። አባቴ ጮኾ አያውቅም ነበር። ያን ቀንም ዝም ብሎ ነው ተነሥቶ የሄደ።"

ከዚህ በፊት ከክንዱ አፍ ይህን ያህል ቃል ተከታትሎ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ባምላኩ በእነዚያ ትንንሽ ዓይኖቹ ክንዱን አተኩሮ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ዞረ።

"አንተ ምን ትላለህ?"

"እኔማ ምን እላለሁ" አለ ቢሰጥ፣ እጁ አሁንም ጆሮው ጋ ሆኖ። "እንኳን ገመድ ነበረ።"

ባምላኩ መሬት መሬት አየ። "ስንጎሽምዎት ዝም ሲሉ የማይሰማዎት መስሎኝ ነበር" አለ። "ለካስ ተሰምቶዎታል።" ጋቢውን አስተካከለና "እኔ ልጄን ለቀጣፊ አማች አልሰጥም ነበር። ቀን ይቆረጥ" አለ።

ጋሽ ይታገሱ ብድግ ብለው መረቁ። ጠላው ተቀመሰ። ፀደይ ከጓዳ ወጥታ የሁሉንም ጉልበት ሳመች፤ አባቷ ጋ ስትደርስ ግን ጉልበቱን ስማ አልተነሣችም፣ እዚያው ግንባሯን አስደግፋ ቆየች። ሁሉም አለቀሰ፣ ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ ነኝ በቁጣ የምበግነው።

እንግዶቹ ተሸኙ፣ ፀደይም ልትሸኛቸው አብራ ወጣች። ክንዱ አዲሱን ሸሚዝ እያወለቀ ነበር። ከፊቱ ቆምኩ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

ሸሚዙን አጣጠፈ።

"ስንት ዓመት አብረን ኖርን? ድንጋይ ነህ ስልህ፣ ዱባ ነህ ስልህ፣ አንድ ቀን እንኳ 'አልጣሽ፣ ዛሬ ተናድጃለሁ፣ ተይኝ' ብትለኝ ምን ትሆናለህ? ለቢሰጥ ነገርከው! ገበያ ላይ ላየኸው ሰው! እኔ ሚስትህ ሽማግሌ ፊት ቆሜ እንደ ባዕድ ልስማው?"

"ብነግርሽ ትፈሪኝ ነበር" አለ።

"እኔ? አንተን?"

"እናቴ አባቴን ትፈራው ነበር" አለ ክንዱ። "ኮቴውን ስትሰማ ድምጿ ይጠፋል። እኛንም ዝም በሉ ትለንና ጥግ ታስይዘናለች። ቤታችን እሱ ሲገባ ጭር የሚል ቤት ነበር። እኔ ከእርሻ ስመለስ ግን ገና ደጁን ሳልረግጥ ትጮኺብኛለሽ። ከማሳው ድረስ ይሰማኛል። ስሰማው 'ዛሬም አልፈራችኝም' እላለሁ። ሌላ ማወቂያ አልነበረኝም።"

አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ ነገር አጣሁ። ቆሜ አየዋለሁ፣ እሱም ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ ያየኛል። ያየኝ ያየኝና ፊቱ ልውጥ አለ። ያን ፊት የአባቱ ነገር በተነሣ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም፤ ፍርሃት ነበር።

"አልጣሽ" አለኝ በቀስታ፣ "ምነው ዝም አልሽ?"

ያን ጊዜ ገባኝ።

"ዝም ያልኩትማ የምለው ብዛቱ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ከብቶቹ ውሃ ሳይጠጡ ሊመሽ ነው፣ አንተ ሸሚዝ ይዘህ ትቆምልኛለህ! ሙሽራ የሆንክ መሰለህ? ውጣ! የበረቱን በር ሳትጠግን የከረምከውስ? ቀጣፊ አይደለሁም ትላለህ፣ ነገ እሠራዋለሁ ያልከኝ መች ነው?"

ፊቱ ተፈታ። "እውነትሽን ነው" አለና ሸሚዙን ምስማር ላይ ሰቅሎ ወጣ። እንባዬን በነጠላዬ እየጠረግኩ በሩ ላይ ቆምኩና ከብቶቹን ነድቶ ወንዙ እስኪደርስ ድረስ ጮህኩበት።